የአስታ አምባዋ ዘር ቆጣሪ

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጣልያን ጎንደር ከገባ ሁለተኛው ክረምት አልፎ፣ ገብሱ ታጭዶ አልቆ ነበር። አባቴ በበቅሎው ኋላ አፈናጦ ከአክስቱ ደጅ አወረደኝና፣ «እሜቴ፣ ይችውልዎ። ውሃም ትቅዳልዎ፣ ቃልም ትያዝልዎ» ብሎ ሄደ።

እሜቴ የውብዳር ከደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። አሁን ያመጣኝን ሰው አይተውት ሳለ፣ የገዛ ወንድማቸውን የልጅ ልጅ እንዴት ያጡኛል አልሁ በሆዴ።

«የተሰማ።»

«ተሰማስ?»

«የአያ ጓንጉል።»

«ጓንጉልስ?»

ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር።

«እንግዲህ ሁለት ደረጃ ወጥተሽ ቆመሻል» አሉ። «ግቢ፤ የቀረውን እዚህ ታገኝዋለሽ።»

መሞታቸውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደር ሆኜ ነው። ፒያሳ ከአንድ ሱቅ ጨው ልገዛ ቆሜ፣ ከኮሶዬ የመጣ ሰው አወቀኝና «ቆጣሪቷ እኮ አረፉ» አለኝ። ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ኖሯል። ለቀብሩ ማን መጣ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና፣ «ቄሶቹ ነበሩ» አለኝ። ጨዉን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ያን ቀን ለማንም አልተናገርሁም። ለማን እናገራለሁ? ጎንደር ላይ እሜቴን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

አስታ አምባ ከኮሶዬ በላይ ነው፤ ወደ ድብ ባሕር ሲሄዱ በስተቀኝ ቀና ብሎ ላየ ይታያል፤ ጉም ካልያዘው። ጉም የማይይዘው ቀን ግን ጥቂት ነው። አስታ የሚባለው ዛፍ ዳር ዳሩን ከቦታል። ከገብስና ከባቄላ በቀር የሚያበቅል የለም፤ እሱንም ውርጭ ይካፈለናል። እኛ የአዛዥ ክንፉ ልጆች እንባላለን። አዛዥ ክንፉ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ንጉሡ በቅሎ ሲቀመጡ የግራውን እርካብ የሚይዝ ሰው ነበር ይባላል። የቀኙን የያዘው ሰውዬ ልጆች ደንቢያ ላይ ሜዳ አገኙ። ለግራው ተራራ ደረሰው።

ባላባትነታችን ይችው ናት። እንደ ሰው ሁሉ እናርሳለን፣ እናርማለን። ነገር ግን ሴቶቻችን ገበያ ተቀምጠው አይሸጡም ነበር፤ ከዳር ቆመው ሰው ያሸጣሉ። አያቴ ጓንጉል ሱሪው ሦስት ቦታ ተጥፎ ሳለ እንኳ «ጌታው» ብሎ ላልጠራው ሰው ፊቱን አያዞርም። ጎረቤቶቻችን በሌለንበት ይስቁብን ነበር፤ እኛም እናውቀው ነበር።

ከኩራቱ ሌላ ያለን መሬቱ ነው። መሬቱ ደግሞ የሁላችንም ነው። ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ ወደ ላይ ቆጥሮ አዛዥ ክንፉ ላይ ከደረሰ ድርሻ ያገኛል። ካልደረሰ፣ መቶ ዓመት ቢቀመጥ እንግዳ ነው። ማን እንደሚደርስና ማን እንደማይደርስ በቃላቸው የያዙት እሜቴ ነበሩ። ሰባቱን የአዛዥ ክንፉን ልጆች፣ የእነሱን ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ እስከ ትናንት ተወላጁ ድረስ። ከእያንዳንዱ ልጅ የወረደው ዘር አንድ «ቤት» ይባላል። «የወንድ ሥራ ነበር» ይሉኛል። «አባቴ ሊያስተምር ሲቀመጥ ወንድሞቼ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ ያንኮራፋሉ። እኔ ጥግ ላይ ጥጥ እፈትላለሁ። ሲሞት ቃሉ ያለ እኔ ዘንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።»

ቆጠራ ሥርዓት ነበረው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ነው፤ በጾም አፍ ነው። እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ይወርዳሉ። ማንም አያቋርጣቸውም፤ ያቋረጣቸው እንደሆነ እንደገና ከአዛዥ ክንፉ ይጀምራሉ፤ ፀሐዩ ይክረር፣ ዝናቡ ይምጣ ግድ የላቸውም። ከጎናቸው አንድ ሰው የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ይቀመጣል። ስም የዘለሉ እንደሆነ ጎተት ያደርጋል። ያ ሰው በዘጠኝ ዓመቴ እኔ ሆንሁ። በያዝሁበት ዘመን ሁሉ የጎተትሁት በአንድ ስም ብቻ ነው።

ሰው ከዳኛም ከቄስም ይልቅ እሳቸውን ይፈራ ነበር። ቅቤ ያመጣ ቅቤውን ይዞ ይመለሳል። «እኔ አልወልድ፣ አልገድል» ይላሉ። «የተወለደውን መቁጠር ነው ሥራዬ።» ነገር ያለው ይመጣል፤ ነገሩ ሲያልቅ ይሄዳል። እንዲሁ ሊጫወት የሚመጣ ግን የለም። ሠርግ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ይቆማል፤ ሁሉም አያቱን ማሰብ ይጀምራል። ባላቸው ሞተው ነበር፤ አንድያ ልጃቸውን ፈንጣጣ ወስዶባቸው ነበር። አመሻሽ ላይ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን፣ «ስንዱ፣ እስቲ ምንም የማይጠቅም ነገር አውሪኝ» ይሉኛል። እኔም ጥጃዋ የቄሱን ቆብ እንደላሰች፣ ምንጭ ላይ ሁለት ሴቶች በእንስራ ተራ እንደተጣሉ አወራለሁ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ወሬ የመውደዴ ነገር ከዚያ ይመስለኛል የመጣ።

መጀመሪያ የተቀመጥሁበት ቆጠራ የእንጉዳይ ነው። እንጉዳይ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ አዝላ ሁለት ልጅ በእጇ የያዘች ሴት ናት። ከቆላ መጥታ «በእናቴ እናት በኩል የአዛዥ ክንፉ ልጅ ነኝ» አለች። ሰው ሳቀባት። ልብሷ እንኳ የኛን አገር ሰው አይመስልም። ነገሩ የከበደው ግን ድርሻ ቢደርሳት የሚቆረጠው የወገኗን ማሳ ከአባቱ ጀምሮ ከያዘው ከአያቴ ከጓንጉል እጅ ስለነበር ነው።

እሜቴ ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት አለፈ፣ ስድስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። «ገብታለች» አሉ።

አያቴ ተነሣ። «የውብዳር፣ የአባቴን ማሳ ለማታውቂያት ሴት ቆረጥሽላት?»

«አውቃታለሁ እንጂ። የማታውቃት አንተ ነህ።»

«እህቴ አይደለሽም ወይ?»

«ነኝ። አራተኛው ቤት ላይ እኔም አንተም አለን። እሷ ስድስተኛው ላይ ናት። ምን ላርግ?»

አያቴ ከዚያ ቀን ወዲያ አላነጋገራቸውም፤ በዓመቱ ሳይታረቃቸው ሞተ። ለቅሶው ላይ እሜቴ ከሴቶቹ ዳር ብቻቸውን ቆመው አየኋቸው። አባቴ እጅ ነሣቸውና አለፈ። ወሬው እስከ ዳባት ድረስ ሄደ፤ «በገዛ ወንድሟ ላይ የቆጠረች ሴት» አሏቸው። ይህን ወሬ ሁሉም ሰምቶት ነበር፤ ለጣልያን ያደረውም።

እንዲሁ ሊጫወት የሚመጣ የለም አልሁ? አንድ ነበር። አያ ብሩ የእሜቴ ታላቅ ወንድም የዓለሙ ልጅ ነው፤ የአባቴ የአጎት ልጅ ማለት ነው። አባትም እናትም ሞተውበታል። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ የእሜቴን በር ጎንበስ ብሎ ሳይሆን ታጥፎ ነው የሚገባ። ጣራ ይደፍንላቸዋል፣ እንጨት ይፈልጥላቸዋል።

«እሜቴ፣ ዛሬ ስንት ሰው ወለዱ?» ይላቸዋል።

«አንተን የመሰለ አልወለድሁም፤ ተመስገን።»

«እኔን ቢወልዱ በሩን ከፍ አድርገው ያሠሩት ነበር።»

እኔን ቆጣሪት ይለኛል። በሁለተኛው ዓመት የአባቱን ውጅግራ ጠመንጃ ይዞ ዱር ገባ። ሲሄድ ለመሰናበት መጥቶ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ፤ ስለ ጥጃ፣ ስለ ውርጭ ነበር ያወሩት። ሲወጣ እሜቴ ጉልበቱን ይዘው ተነሡና በሩ ላይ ቆመው ጉሙ እስኪውጠው አዩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ በኮሶዬና በድብ ባሕር መካከል አንድ የጣልያን ካሚዮን ተመታ፤ ሁለት ወታደር ሞተ። ያደረገው ብሩ መሆኑ ታወቀ። የጣልያኑ ሹም የአዛዥ ክንፉ ልጆች ሁሉ በሦስተኛው ቀን ኮሶዬ ሜዳ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። የብሩ ዘመድ የሆነ ሁሉ ቤቱ ይቃጠላል፣ ወንዶቹም ታስረው ይሄዳሉ ተባለ። አርባ ሁለት ቤት ነበርን። ዘመዶቹን ለማወቅ ደግሞ ሌላ ጠቋሚ አያስፈልጋቸውም፤ አብሯቸው ያለው ባንዳ የዳባት ሰው ነው፣ «ዘሩን በቃሏ የያዘች አሮጊት አለች» ብሎ ነግሯቸዋል።

አባቴና ሽማግሌዎቹ ከእሜቴ ቤት መጡ። «አርጅቻለሁ፣ ረስቻለሁ ይበሉ» አላቸው አባቴ።

«ረሳሁ ብል ሁላችሁንም ያቃጥላል» አሉ። «ለእሱ ይቀለዋል።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው?»

«በጾም አፍ እመጣለሁ» አሉ።

ሜዳው ላይ ሁለት ካሚዮን ቆሞ ነበር፤ ከአንዱ የቤንዚን ቆርቆሮዎች ተደርድረው ይታያሉ። ሹሙ ገና ጎልማሳ ነው፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል። ከጎኑ ከሐማሴን የመጣ አስተርጓሚ ቆሟል።

«አንቺ አሮጊት፣ ነይ ወዲህ» አለ አስተርጓሚው።

«እሜቴ በል» አሉ።

አስተርጓሚው ሹሙን አየው፤ ሹሙ ምን እንደተባለ አያውቅም። «እሜቴ፣ ይምጡ» አለ ዝቅ ብሎ።

ሹሙ ብስኩት ዘረጋላቸው። «ለጌታህ ንገረው፤ ስቆጥር እህል አልቀምስም» አሉ። ቀጥሎ የብሩን ዘመዶች ብቻ እንዲጠሩ አዘዘ። «ከመሃል አይጀመርም» አሉ። «ከአዛዥ ክንፉ ነው የሚጀመር። ቸኩሎ ከሆነ እርካቡን ይያዝና ይሂድ።» ይህን የኋለኛውን አስተርጓሚው አልተረጎመውም።

መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ የነጠላቸውን ጫፍ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። አንደኛውን ቤት፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሹሙ ሰዓቱን ያያል፣ ወታደሮቹ ያዛጋሉ። የኛ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ትከሻው ሲወርድ ይታያል። አራተኛው ቤት ደረሱ።

«ረታ ወለደ ዓለሙን፣ ወለደ ጓንጉልን፣ ወለደ የውብዳርን። ዓለሙ ሳይወልድ ሞተ።»

ነጠላቸውን ጎተትሁ። ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው። ያልሰሙ መስሎኝ ደግሜ ጎተትሁ። እጃቸውን እጄ ላይ ጣሉና አጥንቴ እስኪሰማኝ ጨበጡት።

«ልጅቱ ምን ሆነች?» አለ አስተርጓሚው።

«ሽንቷ መጥቶ ነው። ትችላለች» አሉና ቀጠሉ። «ጓንጉል ወለደ ተሰማን። የውብዳር አንድ ወለደች፣ ሞተ።» እስከ ሰባተኛው ቤት ወርደው ጨረሱና ዓይናቸውን ገለጡ።

ሹሙ ጮኸ። «ብሩስ? ብሩ የት አለ?» አለ አስተርጓሚው።

«ብሩ የጡት ልጅ ነው። በክፉ ቀን መንገደኛ ጥሎት የሄደውን ወንድሜ ጡት አስይዞ አሳደገው። የአዛዥ ክንፉ ደም የለበትም። ዘመድ የለውም።»

በኛ አገር የባዕድ ልጅ ጡት ይዞ እንደ ልጅ ያድጋል፤ ይወደዳል፣ ይዳራል። ከቆጠራ ግን አይገባም። የብሩን መወለድ እልል ያሉ ሴቶች እዚያው ቆመው ነበር።

ሹሙ ባንዳውን ጠየቀው። ባንዳው ከንፈሩን ነክሶ፣ «ጌታዬ፣ ይህች ሴት በወንድሟ ላይ እንኳ እውነት የፈረደች ናት። በቆጠራ አትዋሽም» አለ። ቀጥሎ የሹሙ ጣት ወደ አባቴ ዞረ።

«እውነት ነው?» አለ አስተርጓሚው።

አባቴና አያ ብሩ አንድ ሣር ሜዳ ላይ ነው ያደጉ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሳቸው ካሉ ነው» አለ።

የአያ ብሩን ባዶ ቤት አቃጠሉ፤ ሁለት በሬዎቹን ነዱ። ሌላ ቤት አልነኩም። ዳገቱን ስንወጣ እሜቴ በየጥቂቱ እየቆሙ ይተነፍሱ ነበር።

«እሜቴ፣ አያ ብሩን ዘለሉት እኮ» አልሁ።

«አውቃለሁ። ሸጋ አድርገሽ ነው የጎተትሽው።»

«ታዲያ ምነው?»

ቤት ስንገባ እህል አቀረብሁ፤ እስከ ማግስቱ በጾም አፋቸው ቆዩ።

እናንተዬ፣ አንድ ሰው መጥቶ አላመሰገናቸውም። ማመስገን መዋሸታቸውን መመስከር ነው፤ ወሬው ሹሙ ጆሮ ቢገባ አርባ ሁለቱም ቤት ያልቃል። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ። ዝም እያለ ቆየና ዝምታው ልማድ ሆነ። ከሁሉ የከፋው፣ አንዳንዱ ቀስ በቀስ አመነው። ምንጭ ላይ አንዲት ሴት «ቁመቱም የኛን አይመስልም ነበር» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ቆጠራም የሚጠይቅ ጠፋ። የማይጠቅም ነገር አውሪኝ ሲሉኝ የማወራው አለቀብኝ፤ ወደ ቤታችን የሚመጣ ሰው ከሌለ ወሬ ከየት ይመጣል?

ጣልያን ሲወጣ አያ ብሩ ከዱር ተመለሰ፤ ጢሙ አድጎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ። ወደ ተቃጠለው ቤቱ አልሄደም፤ ቀጥታ የእሜቴን በር ታጥፎ ገባና ጉልበታቸውን ሳመ።

«ገደሉኝ አሉ፣ እሜቴ።»

«ገደልሁህ» አሉና አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ደግ አደረጉ። እንግዲህ ያስነሡኛ» አለ እየሳቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጽዱ ሥር ተሰበሰብን። ነጠላቸውን ያዝሁ። ያን ቀን ድምፃቸው ሸጋ ነበር፤ ልጅ የሚያስተምሩ ይመስሉ ነበር። አራተኛው ቤት ሲደርሱ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ገልጠው አያውቁም። «ዓለሙ ወለደ ብሩን» አሉ። «ኮሶዬ ሜዳ ላይ ዋሽቻለሁ። ለምን እንደዋሸሁ ታውቃላችሁ።»

አያ ብሩ የዓለሙ ልጅ ካልሆነ ማሳው የሚተላለፈው ለቅርቡ ዘመድ ነው። የቅርቡ ዘመድ አባቴ ነው። አባቴ ተነሣ።

«እሜቴ፣ ያን ቀን በጾም አፍ ነው የቆጠሩ። ዛሬም በጾም አፍ ነው። የትኛውን እንመን?»

«ዛሬውን። ዛሬ ቤንዚን የያዘ ሰው የለም።»

«ካሉ እሺ። ግን የቆጣሪ ቃል አንዴ ከተሻረ ሁሉም ይሻራል። የእንጉዳይም ቆጠራ ይከፈትልኝ። የአባቴን ማሳ ልመልስ።»

«የእኔም ይከፈት» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «የእኔም» አለ ሌላው። በአርባ ዓመት ውስጥ በእሜቴ አፍ ማሳ የተቆረጠበት ሁሉ መነሣት ጀመረ። እንጉዳይ ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ ልጆቿ አድገው ትከሻዋ ደርሰዋል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ ለመንገድ እንደምትነሣ ሰው።

እሜቴ እንጉዳይን አዩ። ቀጥሎ ብሩን አዩ። አውራ ጣታቸው አንጓው ላይ እንደቆመ ነው።

«ተሰማ» አለ አያ ብሩ። «አብረን አይደል ያደግን?»

አባቴ ቀና አላለም።

አያ ብሩ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለና፣ «ይተዉት እሜቴ። ይችን ሴት ነቅዬ አልተከልም» አለ። እግሩን እየጎተተ ቁልቁለቱን ወረደ። ወደ ሰቲት ሄደ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። እሜቴ ምንም አልተናገሩም። ሽማግሌዎቹ ዝምታቸውን ይዘው «የፊተኛው ቃል ጸንቷል» ብለው ፈረዱ።

እሜቴ ዳግመኛ ከጽዱ ሥር አልተቀመጡም። እኔን አባቴ ጎንደር ዳረኝ። ፊደል የለየሁት እዚያ ነው፤ ባሌ ዳዊት ሲደግም በትከሻው ላይ እያየሁ። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር፤ በድምፄ አወቁኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝና፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ከአዛዥ ክንፉ ጀምረው ቆጠሩ። አራተኛው ቤት ላይ «ዓለሙ ወለደ ብሩን» አሉና ቆሙ፤ እጎትት እንደሆነ ጠበቁ። አልጎተትሁም። ቀጠሉ።

አባቴ ከዚያ ጉባኤ በኋላ በመጣው ግንቦት ጥማዱን ይዞ ወደ አያ ብሩ ማሳ ወረደ። የተቃጠለውን ቤት ድንጋይ ለቅሞ ከዳር ከመረው፤ ቦታውን አረሰው፤ ገብስ ዘራበት። ገብሱ ያማረ ነበር። እኔን የዳረኝ በዚያ ገብስ ነው።